ያባረርነው ፕሮግራም

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ "እንግዲህ አረፍሽ" ይሉኝ ነበር። ያረፈ ሰው ግን በሩ በየቀኑ አይንኳኳም። አንዷ የልጇን ፍላሽ ይዛ ትመጣለች፤ ሌላው "ፕሪንተሬ አልታወቀም ይለኛል" ብሎ ከነካርቶኑ ተሸክሞት ይገባል። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ዕድሜዬን ስለጨረስሁ፣ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ድርሻ ይመስላቸዋል። ባለቤቴ "ቢሮሽን ወደ ቤት አዛወርሽው እንጂ መች ጡረታ ወጣሽ" እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ወደ ኋላ ይሄድብኛል፤ በሄደ ቁጥር የሚያርፈው ደግሞ ብርቱካን በምትባል ተማሪና ኮምፒውተራችን አላውቅሽም ባላት አንዲት ጠባብ ሣጥን ላይ ነው። ይህን መጻፍ የጀመርሁትም ለዚሁ ነው።

የወረታ ልጅ ነኝ። አባቴ የእህልና የሩዝ ነጋዴ ነበሩ፤ ምኞታቸው ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው ነጋዴ ሊያደርጉኝ ነበር። እኔን ግን ከንግዱ ይልቅ ሚዛኑ አንዳንድ ቀን ለምን እንደሚዋሽ ነበር የሚያስጨንቀኝ። ፈትቼ ሳየው ደረሱብኝና "ይችን ልጅ ከሱቁ አርቁልኝ" ብለው ወደ ትምህርቱ ገፉኝ። ኮሌጁ መጀመሪያ የቀጠረኝ በታይፒስትነት ነው። የጽሕፈት መኪናው ወጥቶ ኮምፒውተር ሲገባ ጓደኞቼ ክዳኑን መንካት ይፈሩ ስለነበር፣ የማልፈራው እኔ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወርሁ። የዝውውር ደብዳቤው ስለ ደመወዝ ጭማሪ ምንም አይልም፤ እኔም ስለ ደብዳቤው ከዚህ በላይ አልልም።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይርጋ ነበሩ። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮና የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከትተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሳያቸው በርዷቸው መስሎኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ ማን ይበርደዋል! ኋላ ስጠይቃቸው "እጄ ከዓይኔ እየቀደመ ስላስቸገረኝ ነው" አሉኝ።

በኋላ ላይ ሥራችን ሁሉ ከዩኤስቢ ጋር ሲሆን ይህ ልማዳቸው ከብዙ ጣጣ አዳነን። ኮሌጁ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮቹን ሊኑክስ ወደሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ካዞረ በኋላ፣ አንድ ዕቃ ተሰክቶ አልታወቀም ሲባል የጋሽ ይርጋ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ንቀይውና መልሰሽ ስኪው። ከዚያ እሱ ራሱ ምን እንደሚል አንብቢ።"

ሊኑክስ ይናገራል። ዕቃው ሲሰካ ከርነል የምንለው የውስጥ አዛዡ ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው የአምራቹን ቁጥርና የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ከርነሉ በእነዚያ ቁጥሮች የሚያነጋግረውን ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም ይፈልግለታል፤ ካገኘ መገናኛ በር ይከፍትለታል። ይህን ሁሉ በየደረጃው ይጽፈዋል፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው "አልታወቀም" የሚለውን ሲያይ ዕቃው የሞተ ይመስለዋል። ጋሽ ይርጋ ይህን ሲሰሙ ይናደዱ ነበር፤ የሚናደዱትም በዚህ ብቻ ነበር።

"እኔ አንችን ባላውቅሽ ታመሻል ማለት ነው?" ይላሉ።

ደግሞ ገመድ ሳይቀይሩ ዕቃ አይከሱም። የሐይቁ እርጥበትና የመንገዱ አቧራ ተባብረው የሶኬት ጥርስ አረንጓዴ ያደርጋሉ፤ በአልኮል ሲጠረግ ብቻ ስንቱ "ሙት" ተነሥቷል። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ እኔ እንደ ወግ ማሳመሪያ እቆጥረው የነበረ። ዕቃውን ያመጣውን ሰው ወንበር ይሰጡትና "መጨረሻ በደንብ የሠራልህ የት ነው?" ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ የሰውዬውን ታሪክ ሁሉ ይሰማሉ። እኔ በዚያ ጊዜ መፍቻዬን ይዤ እቁነጠነጥ ነበር።

ከሊኑክስ በፊት ስለነበረው ዘመን ጥቂት ካልተናገርሁ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም። የፍላሽ ቫይረስ ዘመን ነበር። አንድ ተማሪ ከከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ያመጣውን ፍላሽ አንድ ማሽን ላይ ይሰካል፤ እስከ ምሳ ድረስ ቤተ ሙከራው በሙሉ ይታመማል። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሰወራል፤ በምትኩ ስሙን የማናውቀው ፋይል ተቀምጦ ይገኛል። ሥራችን ማጥፋት ነበር። የማናውቀው ፕሮግራም የተሰካ ዕቃ ላይ እጁን ካሳረፈ ሳንጠይቅ እናጠፋዋለን። ይህ ለእኛ እጅን እንደ መታጠብ ነበር። ሊኑክስ ሲመጣ ቫይረሱ ቀረ፤ የማጥፋት ልማዱ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

በዚያ መሀል የውኃ ጥናት ክፍሉ ሰዎች መጡ። እምቦጭ ጣናን የወረሰበት ጊዜ ነው፤ በጀልባ እየወጡ የውኃውን ሙቀትና ድፍርስነት የሚለኩባቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሯቸው። ሐይቁ ላይ የለኩትን ወደ ኮምፒውተር ሊያወርዱ ሲሰኩ መሣሪያው ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ጋሽ ይርጋ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው አነበቡ። ከርነሉ በግልጽ ጽፎታል፤ መሣሪያውን አውቆታል፣ በር ከፍቶለታል፣ ከዚያ አንድ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ በሩን ነጥቆታል። የነጣቂው ስም አናባቢ የሌለው፣ ለመጥራት የሚያስቸግር ነበር። ጋሽ ይርጋ የመጀመሪያ ፊደሎቹን አገጣጥመው "ብርሌ" አሉት፤ በዚያው ብርሌ ሆኖ ቀረ።

ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ እንደ እኛ የተቸገረ ብዙ ሰው አገኘን። መልሱም በየቦታው አንድ ነው፤ አጥፋው፣ አያስፈልግህም። እኛ ደግሞ ለማጥፋት ልመና አያስፈልገንም ነበር። ብርሌን አጠፋነው፣ የመለኪያ መሣሪያው በር ተከፍቶ ቀረ፣ የውኃ ክፍሉ ሰዎች ዓሣ ጋበዙን። ደግሞ እንዳያስቸግረን ብለን ለሁሉም ማሽን ከምንጭነው ዋና ቅጂ ላይም አወጣነው። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ውስጥ ብርሌ ያለበት ኮምፒውተር አልነበረም። ጋሽ ይርጋም ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ወንበሩም ቁልፉም ለእኔ ተላለፈ።

ብርቱካን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በበትሯ የበሩን ጠርዝ ነካ ነካ አድርጋ ቆመች።

"እትዬ ሰዓዳ፣ እንዴት ዋሉ? ብርቱካን እባላለሁ፤ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ይችን ሣጥን ኮምፒውተርዎ አልሰማ አላት።"

ዓይነ ስውር ናት፤ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ። ሣጥኗን ከአንድ የዓይነ ስውራን ማኅበር በውሰት ነው ያገኘችው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከፊቷ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏት፤ ስትሠራ ከእነዚያ ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ነጥቦች እየተነሡና እየተኙ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በብሬል ያወጣሉ። ዓይነ ስውሩ በጣቱ ያነበዋል። መስመር ሲያልቅ ቁልፍ ይጫናል፤ ሌላ መስመር ይነሣል።

የተቸገረችበትም ነገር ግልጽ ነበር። ኮሌጁ ፈተናውን በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ለእሷ ሰው ያነብላታል፣ የምትመልሰውንም ይጽፍላታል። የሚመጣው ፈተና ግን የግጥም ትንተና ነው፤ ይህን ትምህርት ካላለፈች ከኮሌጁ ትሰናበታለች።

"አንባቢ ይሰጡሽ የለም እንዴ?" አልኋት።

"ይሰጡኛል። ግን ግጥም እኮ ነው፣ እትዬ። ስንኙ የት እንደሚሰበር ካላወቅሁ ምኑን እተነትነዋለሁ? ሰው ሲያነብልኝ እሱ የገባውን ነው የምሰማ። በጣቴ ልየው።"

እንዲህ ስትል እሺ ከማለት በስተቀር ምን ይባላል። ሣጥኗን ተቀብዬ ሥራዬን ጀመርሁ። ገመዱን ቀየርሁ፤ ጥርሱን ጠረግሁ፤ ሌላ ቀዳዳ ላይ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁ። ከርነሉ የጻፈውን አነበብሁ። የገረመኝ፣ ስሕተት የሚባል ነገር የለበትም። ቁጥሯን ተቀብሏል፣ ድራይቨር አምጥቷል፣ በር ከፍቷል፣ በሩም እንደተከፈተ ነው። ነጥቦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሣጥኗ ጠረጴዛዬ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

ቁጥሮቹን ደግሜ ሳይ የማውቃቸው ሆኑ። የውኃ ክፍሉ መለኪያዎች የሚሰጡት ያው ቁጥር ነው። እኔም ይህን ሳይ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፤ ከርነሉ ተሳስቷል፣ ውዷን የብሬል ሣጥን እንደ አንድ ርካሽ የውኃ መለኪያ ቆጥሯታል አልሁ። ስለዚህ ትክክለኛውን የአምራቹን ድራይቨር ፍለጋ ገባሁ። የሣጥኗን ስም የሚጠራ ድራይቨር ሁሉ አወረድሁ። ከእኛ ከርነል ጋር አልስማማ ያለውን ራሴ ከጥሬ ኮዱ ተነሥቼ ልገጣጥመው ሞከርሁ። አንዱ ማሽኑን አልነሣ አስባለው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጀመርሁት ሁሉ ከመጀመሪያው ይሆናል። ብርቱካን ከትምህርት ስትወጣ እየመጣች ትቀመጣለች። እኔም "ትንሽ ቀርቶኛል" እላታለሁ። ቀርቶኝ አልነበረም፤ መንገዱን ራሱ ስቼ ነበር።

ፈተናው ደረሰ። የትምህርቱ መምህር አቶ አስማማው ደግ ሰው ናቸው፤ ጥቂት እንዲጠብቁኝ ብለምናቸው እስከቻሉት ጠበቁ። ከዚያ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ተፈልጎ አንባቢ ሆነ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ግጥሙን ግን እንደ ጨረታ ማስታወቂያ አነበበላት። እኔ በመስኮቱ በኩል አያታለሁ። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ሁለት እጇን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች፤ ጣቶቿ የሚያነቡት ነገር የላቸውም። ሣጥኗ እኔ ክፍል ውስጥ ናት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ሳይሳካልኝ ቀርቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬም አዝኜም አላውቅም።

ውጤቱ ኤፍ ሆነ። አቶ አስማማው ወደ ክፍሌ መጥተው ቆመው ነገሩኝ።

"የማሟያ ፈተና እሰጣታለሁ። ደንቡ የሚፈቅደው ግን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእኔ እጅ አይገባበትም፤ ትሰናበታለች።"

ቅዳሜ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ይርጋ ቤት ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ የሰው ሬዲዮ ከፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ጭናቸው ሥር ነው። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የገመዱን፣ የድራይቨሩን፣ የከርነሉን ስሕተት። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እሽ። ልጅቱንስ ጠየቅሻት?"

"ምኗን?"

"ሣጥኗ መጨረሻ የሠራችላት የት ነው?"

ይህን ሁሉ ቀን ሣጥኗን ስመረምር ብርቱካን አጠገቤ ነበረች፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋት።

"ከርነልሽ ተሳስቷል የምትይውን ተይው" አሉኝ። "እሱ ያየውን ነው የሚጽፍ። አንች ያላየሽው ነገር ይኖራል።"

ሰኞ ማለዳ ብርቱካንን ከክፍሏ በር ላይ ጠብቄ ያዝኋት።

"ሣጥንሽ የት ነበር የሠራችልሽ?"

"ማኅበሩ ቢሮ ነዋ።"

"ኮምፒውተራቸው ምን ዓይነት ነው?"

"እንደናንተው ሊኑክስ ነው። እዚያ የሚሠራው ልጅ አዲስ አድርጎ ጭኖ ሲጨርስ 'በይ ስኪያት' አለኝ፤ ሰካኋት፤ ተነሣች።"

"ድራይቨር አልጫነም? ሌላ ነገር አላደረገም?"

"ኧረ ምንም አላደረገ! ብቻ ስኪያት ነው ያለኝ።"

ምንም አላደረገም። ያ ማለት የሚያስፈልገው ነገር ከአዲሱ ሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ከእኛ ማሽኖች ላይ የሌለ ከሆነ ደግሞ ያጠፋው እኛው ነን። ብርቱካንን በክንዷ ይዤ ደረጃውን እየፈጠንን ወረድን። ምን እንዳገኘሁ አልነገርኋትም፤ ለራሴም ገና አላመንሁም ነበር።

ማንም ያልነካካው አዲስ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረኝ። ማሽኑን በእሱ አስነሣሁትና "ስኪያት" አልኋት። ሰካች። ትንሽ ቆየና ሩዝ ሰፌድ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ነጥቦቹ ከዳር እስከ ዳር ተነሡ። ብርቱካን እልል አለች። እኔ ግን ወዲያው በሩን የያዘው ማን እንደሆነ አየሁ። ብርሌ ነው።

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ብርሌ ከመጀመሪያው የብሬል ሣጥኖችን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ከርነሉ አልተሳሳተም፤ የሣጥኗ ሆድ ውስጥ ያለው የመገናኛ ቺፕ ከውኃ መለኪያዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ብርሌ መለኪያዎቹን ሲነጥቅ የነበረው የብርቱካን ዓይነት ሣጥን የመጣች መስሎት ነው። በየማሽኑ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሷን ነበር። እኛ ደግሞ ስሙን አይተን፣ ነጠቀ ብለን፣ ለማን እንደሆነ ሳንጠይቅ አባረርነው።

ለጋሽ ይርጋ ስደውልላቸው ባጃጅ ይዘው መጡ። አዲስ በተጫነው ማሽን ላይ ብርቱካን ስታነብ አጠገቧ ተቀምጠው ጣቶቿን ተመለከቱ።

"ሌባ ነው ያልነው እንግዳ ተቀባይ ኖሯል" አሉ በመጨረሻ።

ሥራው ግን አላለቀም። ነጥቦቹ ሲነሡ የእንግሊዝኛውን እንጂ የአማርኛውን ፊደል በትክክል አያወጡም ነበር። ብርቱካን "እዚያ ማኅበሩ ቢሮ አማርኛም አንብቤባታለሁ" ስትለኝ በብርሌ ፋይሎች ውስጥ ፈለግሁ። የብዙ አገር ቋንቋ ሠንጠረዥ ተደርድሯል። ከእነሱ መሀል አማርኛ አለ። የማላውቀው ሰው፣ የት እንደሚኖር የማላውቀው፣ ሀሁን ከነቤቱ ከብሬል ነጥቡ ጋር አስማምቶ ጽፎ አስቀምጦታል። እኛ ያንን ነው በየማሽኑ ስናጠፋ የኖርነው። እንባዬ መጣ።

ሠንጠረዡን ቀየርሁና የምታነበው አማርኛ ስፈልግ ከፊቴ ያገኘሁት የካፌውን የሳምንት ምግብ ማስታወቂያ ነው። ከፈትሁላት። ጣቶቿ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ቁልፉን ተጫነች፣ እንደገና ሄዱ።

"ሰኞ ሽሮ። ማክሰኞ ምስር። ረቡዕ ሽሮ።" ቆም አለች። "አዪ! ይህን ለማንበብ ነው ይህን ያህል የለፋነ?"

ጋሽ ይርጋ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ያን ዕለት ድምፃቸው ተሰማ።

የቀረው የውኃ ክፍሉ ጉዳይ ነበር። ብርሌን ወደ ሁሉም ማሽን ብንመልሰው መለኪያዎቹ እንደገና ይነጠቃሉ። ብርቱካንን ለማስገባት እነሱን ማስወጣት ደግሞ ያንኑ ስሕተት ገልብጦ መድገም ነው። ዕቃዎቹ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ በቁጥር መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ በቦታ ለየናቸው። በውኃ ክፍሉ ማሽኖች ላይ ብርሌ ያንን ቁጥር እንዳይነካ የሚያዝ አጭር መመሪያ ጻፍን። በፈተና ክፍሉና በቤተ መጻሕፍቱ ማሽኖች ላይ ግን እንደ ልቡ እንዲይዝ ተውነው። ከመመሪያው ራስጌ ጋሽ ይርጋ አንድ መስመር አስጻፉኝ፤ ይህ ፕሮግራም የዓይነ ስውራን ነው፣ አይጠፋም የሚል። ዋናውን ቅጂም በዚያው አደስሁት።

የማሟያ ፈተናው ዕለት አቶ አስማማው ሌላ ጭንቀት ይዘው መጡ። ጣቷ ምን እንደሚያነብ በምን ያውቃሉ? ሌላ ነገር ብታነብስ? አንባቢ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ አሉ። ብርቱካን ቀና አለች።

"መምህር፣ እባክዎ፣ ማንም አይቀመጥብኝ። ልውደቅም ብቻዬን ልውደቅ።"

ነጥቦቹ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በስክሪኑ ላይም እንደሚታይ አሳየኋቸው። የትኛው መስመር ላይ እንዳለችም፣ መልሷን ራሷ በኪቦርዱ ስትጽፍም ማንም ከሩቅ ሊያይ ይችላል። አቶ አስማማው ጥቂት አሰቡና ወንበራቸውን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ወስደው ተቀመጡ። እኔ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን ዛፎች ሳይ፣ መብራት እንዳይጠፋ ከመለመን ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አልጠፋም። ስትወጣ ፊቷ የደከመው ሰው ፊት ነበር፤ "እንዴት ሆነ?" ብላት "እንጃ" አለችኝና ወደ ማደሪያዋ ሄደች።

ውጤቱ የወጣ ዕለት በትሯን ሰማሁ። ከወንበሬ ተነሣሁ።

"ስንት?"

"ሲ።"

አልፋለች፤ መሰናበቷ ቀርቷል። አላህን አመሰገንሁ። ግን ደግሞ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የተሻለ ጠብቄላት ነበርና ድምፄ አሳበቀብኝ መሰለኝ።

"አይዞሽ" አልኋት።

"ምን አይዞሽ ያስፈልገኛል፣ እትዬ ሰዓዳ?" ሳቀች። "ባለፈው ዓመት ኤ ያገኘሁበት ትምህርት አለ። ያነበበልኝም የጻፈልኝም ደግ ሰው ነበር፤ ስናገር እያቃናልኝ። ኤፉን ደግሞ ያው ያውቁታል። ሁለቱም የማን እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም። በዚህኛው ግን ማንም አልገባበትም። ሲ ነኝ ማለት ነው። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።"

ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ሁለተኛው ግጥም ላይ ነው የወደቅሁ። ይክፈቱልኝ እስቲ፤ አቶ አስማማው ፈቅደውልኛል።"

ከፈትሁላት። ሣጥኗን ራሷ ሰካች። ጣቶቿ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሄዱ፣ በሁለተኛው ሄዱ፣ ከዚያ ተመልሰው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። በከንፈሯ ስትደግመው አየኋት። ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"አየሁት! እዚች ጋ ነው፤ ሐሳቡ እዚህ ሲታጠፍ አልፌው ሄጃለሁ። የራሴ ስሕተት ናት!" አለችና ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሰዓቱ ምሳ መሆኑን ብነግራትም አልሰማችኝም፤ ግጥሙን ከመጀመሪያው ጀመረችው።